ኦልድ ትራፎርድን ያስረጀው ዕድሜው አይደለም፦ «ማንቼ ሜዳውን ይልቀቅ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ማንቼ ኦልድ ትራፎርድን ይልቀቅ» የሚል ጽሑፍ በስፋት ሲነበብ ነበር። ጸሐፊው የማንቼ፣ ማለትም የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ናቸው። ከልባቸው እንደጻፉትም ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሜዳው አርጅቷል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ መጠገኑም አያዋጣም። 100,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ገንዘብ ያመጣል። አርሰናልና ቶተንሃም ሜዳ ቀይረው አድገዋል። ዩናይትድ ራሱ በ1910 ሌላ ሜዳ ለቆ ነው ወደ ኦልድ ትራፎርድ የመጣው። ማንቸስተር ከተማም ሥራና ቤት ታገኛለች። ትዝታ በሰው ልብ ውስጥ እንጂ በኮንክሪት ውስጥ አይኖርም። ደግሞስ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በዲኤስቲቪ ለሚያይ ደጋፊ ምን ለውጥ አለው ይላሉ።

እኔም የማንቼ ደጋፊ ነኝ። ካነሷቸው ነገሮች እውነት የሆኑ አሉ፤ እነሱን አልክድም። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም። ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከጣሪያው ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ መነሻ እሱ ነውና።

ጸሐፊው ሜይ 12 ቀን 2024ን ያስታውሱናል። አርሰናል በትሮሳርድ ጎል 1 ለ 0 አሸንፎን ሄደ። ጨዋታው እንዳለቀ ከባድ ዝናብ ጣለ። ውኃው ከጣሪያው ጥግ እንደ ፏፏቴ መቀመጫዎቹ ላይ ይወርድ ጀመር። ደረጃው ጅረት ሆነ። ቪዲዮው ዓለምን አዳረሰ፤ እኛም አንገታችንን ደፋን። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። ያሳፍራል።

የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። እሳቸው ጥፋቱን ዕድሜ ላይ ይጥሉታል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ነው፣ በቃው ይላሉ። ግን የሚያፈሰው ጣሪያ በ1910 የተሠራ አይደለም። ከ1910ሩ ኦልድ ትራፎርድ ዛሬ ድረስ የቀረው በደቡቡ ትሪቡን መሐል ያለው የድሮው የተጫዋቾች መውጫ ዋሻ ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየጊዜው የተሠራ፣ የፈረሰ፣ እንደገና የተሠራና የተጨመረ ነው። በሰሜን በኩል ያሉት ሁለቱ የማዕዘን ማስፋፊያዎች የተጠናቀቁት በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ነው የሚባል ትልቅ ግንባታ አልተካሄደም። ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በቅጡ ያልታደሰ ቤት ማፍሰሱ ምን ይገርማል?

ለምን አልታደሰም? መልሱን የማያውቅ የዩናይትድ ደጋፊ የለም። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቀለለው። አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር። ከብድሩም ትልቁ ክፍል በራሱ በክለቡ ትከሻ ላይ ተጫነ። ከዚያ በፊት ከዕዳ ነጻ የነበረ ክለብ በአንድ ግዢ ባለዕዳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በወለድ፣ በልዩ ልዩ ክፍያና በትርፍ ድርሻ ከክለቡ የወጣው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚበልጥ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የጣሪያው ገንዘብ የሄደው ወደዚያ ነው። ደጋፊው ይህንን ዛሬ አይደለም የተናገረው። በ2010 ሕዝቡ የኒውተን ሂዝን (የክለቡ የጥንት ስም ነው) አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሲቃወም ነበር። ቤካም ከሚላን ጋር መጥቶ ተሸንፎ ሲወጣ ያንን ስካርፍ ከሣሩ ላይ አንስቶ አንገቱ ላይ ሲያደርግ ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ «ሜዳው አርጅቷል» የሚለው አባባል ያናድደኛል። ቤቱን ችላ ያለው ሰው ስም አይጠራም፤ የሚወቀሰው ቤቱ ነው። ጸሐፊው የ2028ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ኦልድ ትራፎርድን ማለፉንም እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። ያ የሆነው ግን ክለቡ የእድሳት ሐሳብ ይዞ ስለነበር ሜዳው በጊዜው ዝግጁ ይሆናል ብሎ ማረጋገጫ ባለመስጠቱ ነው። ይህም ቢሆን ወደዚያው ወደ ባለቤቶቹ ውሳኔ ይመልሰናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልሂድ። የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ የሚመስለው ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ደካማው ይህ ነው።

ማርች 10 ቀን 2025 ከክለቡ ባለቤቶች አንዱ የሆኑት ሰር ጂም ራትክሊፍ ለመገናኛ ብዙኃን ቃለ ምልልስ ሰጡ። ወጪ ባይቀነስ ኖሮ ክለቡ በዚያው ዓመት ገና ላይ ጥሬ ገንዘብ ያልቅበት ነበር አሉ። ማንቸስተር ዩናይትድ! በማግስቱ፣ ማርች 11፣ የኖርማን ፎስተር ድርጅት የነደፈው የአዲሱ ስታዲየም ምስል ይፋ ሆነ። ሜዳውን በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ጃንጥላ፣ 200 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት ምሰሶዎች፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚታዩ። ግምቱ 2 ቢሊዮን ፓውንድ። ሰኞ ዕለት ካዝናው ባዶ ሊሆን ነበር የተባለ ክለብ ማክሰኞ ዕለት 2 ቢሊዮን ሊያወጣ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በዕለቱ በግልጽ አልተነገረም።

ጸሐፊው 26,000 ተጨማሪ መቀመጫ ወጪውን ይሸፍነዋል ይላሉ። እስኪ አብረን እናስላው። በ2023/24 የውድድር ዓመት ዩናይትድ ከጨዋታ ቀን ያገኘው ጠቅላላ ገቢ ወደ 137 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ይህ ወደ 74,000 ከሚጠጋ መቀመጫ፣ ከውዶቹ ሳሎኖች፣ ከምግቡም ከመጠጡም የተገኘ ነው። መቀመጫው ወደ 100,000 ቢያድግና ገቢው በዚያው ልክ ቢጨምር ጭማሪው ወደ 48 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል። 2 ቢሊዮኑ ብድር ቢሆንና ወለዱ በ5 በመቶ ቢታሰብ ደግሞ ወለዱ ብቻ በዓመት 100 ሚሊዮን ነው። ዋናውን ብድር መመለስ ገና አልጀመርንም። ቀዳዳው በምን ይደፈናል? ኮንሰርት አለ፣ የስታዲየሙን ስም መሸጥ አለ፣ እሺ። ግን ከሁሉም በፊት የሚመጣው የቲኬት ዋጋ ነው።

ይህን ደግሞ አይተነዋል። በ2024 መገባደጃ ክለቡ በውድድሩ አጋማሽ ላይ ቀሪ የአባላት ቲኬቶችን 66 ፓውንድ አደረጋቸው። ለልጅም ለጡረተኛም ቅናሽ ቀረ። ልጁን ይዞ የሚሄድ አባት ለሁለት መቀመጫ 132 ፓውንድ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በዚያው ሰሞን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተቀነሱ። የሠራተኞች ነጻ ምሳ እንኳ ቀረ። አዲስ ስታዲየም ሳይጀመር እንዲህ ከሆነ፣ 2 ቢሊዮን ሲጨመርበት ማን እንደሚከፍል መገመት አይከብድም።

ኳሱም አለ እኮ። በ2024/25 በሊጉ 15ኛ ወጣን። በቢልባዎ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ለቀጣዩ ዓመት የአውሮፓ ውድድር የሚባል ነገር አልቀረልንም። ለስታዲየም ወለድ የሚከፈል እያንዳንዱ ፓውንድ ለተከላካይ አማካይ የማይከፈል ፓውንድ ነው።

አርሰናልና ቶተንሃምስ? ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ዘለዋል። ሃይበሪ ይይዝ የነበረው 38,000 ሰው ገደማ ነው። የድሮው ዋይት ሃርት ሌን 36,000 ገደማ። የኤቨርተኑ ጉዲሰን ፓርክ ከ40,000 በታች። የዌስት ሃሙ አፕተን ፓርክ 35,000። እነዚህ ክለቦች ቤታቸው ጠቧቸዋል። ሃይበሪን ዙሪያውን የመኖሪያ ቤቶች አጥረውታል፤ በቅርስነት የተመዘገበ ትሪቡንም ስላለበት ማስፋት አልተቻለም። ኦልድ ትራፎርድ ግን የእነሱን እጥፍ ነው የሚይዘው። የጠበበው ሰው ቤት ቀየረ ተብሎ ሰፊ ቤት ያለው ይልቀቅ አይባልም።

ደግሞ አርሰናል «አደገ» የሚባለው በምን ዋጋ ነው? በ390 ሚሊዮን ፓውንድ የተሠራው ኤምሬትስ በ2006 ተከፈተ። ከ2005ቱ ኤፍኤ ካፕ በኋላ ቀጣዩን ትልቅ ዋንጫ ያነሱት በ2014 ነው። በመሐል ኦንሪ ሄደ፣ ፋብሪጋስ ሄደ፣ ናስሪ ሄደ። በ2012 ቫን ፐርሲ ወደ እኛ መጣና በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን አብረን በላን። ያኔ የአርሴ ጓደኞቻችን ምን ያህል እንደተቃጠሉ እናስታውሳለን። ነገ እነዚያ ጓደኞቻችን የእኛን ምርጥ ልጅ ሲወስዱ ማየት አልፈልግም። ቶተንሃም ደግሞ ሰፈሩን ለቆ አልሄደም፤ እዚያው ዋይት ሃርት ሌን በነበረበት ቦታ ነው የገነባው። ዌስት ሃም በ2016 ከ112 ዓመት በኋላ አፕተን ፓርክን ትቶ ወደ ኦሊምፒኩ ስታዲየም ሄደ። ደጋፊው ከሣሩ ርቆ ተቀመጠ። በማርች 2018 ከበርንሊ ጋር ሲጫወቱ ሰዉ ሜዳ ውስጥ እየገባ ተቃውሞውን አሰማ። ይህኛው ምሳሌ በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ የለም።

ለማንቼ ደጋፊ ማለቱ የሚከብድ ቢሆንም፣ በዚህ ጉዳይ ልንማርበት የሚገባን ሊቨርፑል ነው። ስታንሊ ፓርክ ውስጥ አዲስ ስታዲየም የመሥራት ዕቅድ ነበራቸው። ተዉት። በ2016 ዋናውን ትሪቡን አሳደጉ። ከዚያ የአንፊልድ ሮዱን ጨመሩ። ከ45,000 ተነስተው 61,000 ደረሱ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአንፊልድ አልወጡም። ከ2016 ወዲህ ሁለት ጊዜ ሊጉን አነሱ። ሪያል ማድሪድም በርናቤውን እዚያው ባለበት ነው ያደሰው።

የ1910ሩ ታሪክ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ያነሱት ስለሆነ ግን ሙሉውን እናንሳው። ዩናይትድ የለቀቀው ባንክ ስትሪት የሚባል ሜዳ ነበር። ዙሪያውን ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ጭሱ ተጫዋቹንም ተመልካቹንም ያፍን ነበር። ክለቡ ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነፋስ ትሪቡኑን ገነደሰው። ማለትም ያኔ መልቀቅ ግድ ነበር። ገንዘቡ ደግሞ የመጣው ጆን ሄንሪ ዴቪስ ከሚባለው የቢራ ባለጸጋ ነው። ሰውየው ክለቡ በ1902 ሊበተን ሲል ያተረፈው ነው። ካዝና የሚሞላ ባለቤትና ካዝና የሚያራግፍ ባለቤት አንድ አይደሉም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። አርኪቴክቱ አርቺባልድ ሊች መጀመሪያ የነደፈው ስታዲየም ስንት ሰው የሚይዝ ነበር? 100,000። የግንባታ ዋጋ ሲንር ወደ 80,000 ዝቅ ተደረገ። የመጀመሪያው ጨዋታ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1910 ነበር፤ በሊቨርፑል 4 ለ 3 ተሸነፍን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ጸሐፊው አላነሱትም። ማርች 11 ቀን 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ኦልድ ትራፎርድን ደበደቡት። ዋናው ትሪቡን ወደመ። ዩናይትድ ቤት አልባ ሆነና የማንቸስተር ሲቲን ሜን ሮድ ተከራየ። ኪራዩ በዓመት 5,000 ፓውንድ፣ በዚያ ላይ ከመግቢያ ገቢ ድርሻ። የሚጫወተው በጎረቤቱ ደጅ ነው። ያኔ «በቃ፣ ሌላ ቦታ አዲስ እንሥራ» ቢባል ማንም አይፈርድም ነበር። አሰልጣኙ ማት በዝቢና ሰዎቹ ግን ፍርስራሹን አስጠርገው፣ ጣሪያ በሌለው ትሪቡንም ቢሆን ተመለሱ። ኦገስት 24 ቀን 1949 ቦልተንን 3 ለ 0 አሸንፈው ቤታቸው ገቡ። የአዲሱ ስታዲየም ዕቅድ ይፋ የሆነው ቦምቡ በወደቀበት ቀን፣ በ84ኛ ዓመቱ ነው። አጋጣሚ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ቀኑን ሳይ ደነገጥኩ።

ስለ ከተማዋ ጥቅም ብዙ አልልም። ከዕቅዱ ጋር የቀረበው ጥናት 92,000 የሥራ ዕድል፣ 17,000 ቤት፣ ለእንግሊዝ ኢኮኖሚ በዓመት 7.3 ቢሊዮን ፓውንድ ይላል። ቤቱ ይሠራ፤ ሰፈሩም ይልማ። የትራፎርድ ልጆች ሥራ ያግኙ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን የቆመውን ስታዲየም ማፍረስ ለምን ያስፈልጋል? ዙሪያው ያለው ሰፊ የመጋዘንና የዕቃ ባቡር መሬት ኦልድ ትራፎርድ እንዳለ ሆኖም ሊለማ ይችላል።

ትዝታ በኮንክሪት ውስጥ አይኖርም ወደሚለው ልምጣ። አባባሉ ያምራል። ግን እውነት ነው?

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1958ን እናስብ። የዩናይትድን ቡድን የጫነው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ አደጋ ከደረሰበት 13 ቀን በኋላ ነው። 23 ሰው ካለቀበት ከዚያ አደጋ በኋላ የዩናይትድ የመጀመሪያ ጨዋታ። ተጋጣሚው ሼፊልድ ዌንስደይ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ወደ 60,000 ሰው አለ። በዕለቱ በተሸጠው የጨዋታ መጽሔት ላይ የሼፊልድ ተጫዋቾች ስም ተዘርዝሯል። በዩናይትድ በኩል 11 ባዶ መስመሮች ናቸው። ማን እንደሚሰለፍ ማንም አያውቅም ነበርና ስም አልተጻፈም። 3 ለ 0 አሸነፉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ዛሬም በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት የሚናገረው ያንን ቀን ነው፤ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958፣ ሙኒክ። ሰዓቱን ነቅሎ አዲሱ ሕንፃ ላይ መስቀል ይቻላል። 60,000ው ሰው የቆመበትን ስፍራ ግን ማንም ነቅሎ አይወስደውም።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ ስንል ስለ ሲሚንቶ አይደለም የምናወራው። ካታንጋ የሚገባ ሰው አዘፋፈኑ፣ ስድቡ፣ ቀልዱ ሳይቀር የራሱ ነው። እዚያው ቦታ ላይ በዓመታት ውስጥ የተፈጠረ ነገር ነው። የኦልድ ትራፎርድ ምዕራባዊ ትሪቡን፣ ስትሬትፎርድ ኤንድም እንደዚያ ነው። በቆመው ተመልካች ላይ ወንበር ሲተከልበት ተቀይሯል፤ እውነት ነው። ግን ልጅ አባቱ የቆመበት ጎን ይቀመጣል። ያንን ሕዝብ ቲኬቱ በተወደደ ባለ100,000 መቀመጫ ውስጥ መልሶ ማሰባሰብ ቀላል አይመስለኝም።

በዲኤስቲቪ ለምናየው ለውጥ የለውም የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። እኛ እኮ ያንን ሜዳ ከሰፈራችን ሜዳ ባልተናነሰ እናውቀዋለን። ሣሩ ከዙሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ከመስመሩ ውጪ ያለው መሬት ወደ ታች ያዘነብላል። ክንፍ ላይ የሚሮጥ ተጫዋች ፍጥነቱን መግታት ሲያቅተው ቁልቁለቱን ወርዶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ስንቴ አይተናል? ቡና ይዘን፣ ቆመንም ቢሆን፣ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይን ያየነው እሱን ነው። ራትክሊፍ «የሰሜኑ ዌምብሌይ» የሚሉትን ስታዲየም ሲያሳዩን እኛ ከሩቅ የምናይ ሰዎች ኪሳራው አይሰማንም ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። በዚያ ላይ ለብዙዎቻችን አንድ ቀን ኦልድ ትራፎርድን በአካል ማየት የዕድሜ ልክ ምኞት ነው። እንግሊዝ ያለ ዘመድ ሄዶ የትሪኒቲው ሐውልት ሥር፣ ከቤስት፣ ከሎውና ከቻርልተን ጋር የተነሳውን ፎቶ ሲልክ ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚቀባበለው።

በመጨረሻ ጸሐፊው «ታዲያ አማራጩ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አማራጩ ክለቡ ራሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት የነበረው ነው፤ ኦልድ ትራፎርድን እዚያው አድሶ ወደ 87,000 ማሳደግ። ቀላል ነው አልልም። ከደቡቡ ትሪቡን ጀርባ የባቡር ሐዲድ አለ። ሌሎቹ ሲያድጉ ያ ትሪቡን ዝቅ ብሎ የቀረው በዚያ ምክንያት ነው። ከሐዲዱ በላይ ተሻግሮ መሥራት ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል። ግን በምዕራፍ ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ ደቡቡ፣ ከዚያ ሌላው። በየምዕራፉ ክለቡ አቅሙን እያየ፣ ቡድኑም ቤቱ እየተጫወተ።

ጸሐፊው ሌላ ጽሑፍ እንደሚያቀርቡልን ተስፋ አደርጋለሁ። ሲጽፉ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። የጃንጥላውን ውበት ለጊዜው ትተው 2 ቢሊዮኑን ማን እንደሚበደር፣ ማን እንደሚከፍል፣ በስንት ዓመት እንደሚያልቅ፣ ያ አባት ከልጁ ጋር ሲገባ ስንት እንደሚጠየቅ በቁጥር ያስቀምጡልን። ከ87,000ው እድሳት ወጪ ጋርም ጎን ለጎን ያሳዩን። ያኔ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።